የግራ እግር ካልሲ

ለገሃር ፊት ለፊት፣ መኪና ማቆሚያ፣
አለች የቆርቆሮ ሣጥን፣ ሒሳብ መክፈያ።
ከደረቴ በላይ ሹም ነኝ፤ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣
“ሰዓት አልፏል፣ ጨምር!” ብዬ እቆጣለሁ።
ከደረቴ በታች፣ ማንም በማያየው፣
ጭኔ ላይ ነው ያለው የእኔ የምለው፤
ሁለት የብረት መርፌ፣ አንድ ልቃቂት ክር፣
በጥርስ የሚበጠስ፣ በለሆሳስ የሚቆጠር።

ክሩ አዲስ አይደለም፤ ከልባሽ ክምር ውስጥ
ክርኑ የሳሳውን ሹራብ ነው የምመርጥ፤
ውሉን ፈልጌ ሳገኝ ከአንገትጌው፣
ስስበው፣ ስስበው፣ ያልቃል እጅጌው።
አጥቤ ባሰጣው ቀረ ተጠቅልሎ፣
የበፊቱን ገላ አልረሳም ብሎ።

የወንድሜ የአሰግድ ልጅ፣ ሲሞላ ሰማንያ ቀኗ፣
ቢጫ ኮፍያ ሠራሁላት፣ የሚወርድ እስከ ዓይኗ።
እናቷ “ጫጩት!” ብላ በሳቅ ፈረሰች፣
የክርስትናዋ ለት ግን ያንኑ አለበሰች።
እኅቴ ሙሉእመቤት፣ ፒያሳ ዳቦ አከፋፋይ፣
ጣቱ ክፍት ጓንት አላት፣ በንጋት ዝርዝር እንድትለይ።
አክስቴ ለስልኳ ቦርሳ ብሠራላት፣
ነጭ ሽንኩርት ሞልታ ኩሽና ሰቅላው አየሁባት።

ለአባቴ ግን አንድ ካልሲ።
አንድ። የቀኝ።

የግራውን ስኳር ወሰደው፣ በፋሲካ ማግስት።
ሐኪሙ “ነፍሱን አትርፈናል፣ አመስግኑ” አለን፤
አመሰገንን። ሌላ ምን ቃል አለን?

ከዚያ ክረምት ገባ።
ስታዲየም ዙሪያ ካልሲ የሚያዞር ልጅ ጠራሁ፣
“አንዱን ብቻ፣ በግማሽ ዋጋ” ብዬ ተከራከርሁ።
“ሌላውን ለማን ልሽጥ?” አለኝ፤ እሱም እውነት አለው፤
ጥንድ በሚሸጥ አገር ነጠላ ዋጋ የለው።

ስለዚህ ጀመርኩት።
ላላ አርጌ፤ ጠባብ ክልክል ነው ለስኳር እግር፤
ተረከዙን ሦስቴ ተረተርኩት፤ ተረከዝ አስቸጋሪ ነገር፣
ቀጥ ብሎ ሲሄድ የኖረ መንገድ የሚታጠፍበት፣
ቁጥር ያልያዘ ሰው ውሉ የሚጠፋበት።
ተቆጣጣሪው አቶ ሽብሩ አንድ ቀን በድንገት ደርሶ
መርፌዬን አየ፤ ምንም አላለም፤ ሄደ ተመልሶ።
ማታ ሒሳብ ሳስረክብ ግን፣ ብሩን እየቆጠረ፣
“አርባ ሦስት ቁጥር ትሠሪያለሽ?” ብሎ ጠየቀኝ፤ አፈረ።

ቅዳሜ ወሰድኩለት፣ ጎላ ሚካኤል ጀርባ ካለው ቤት።
አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አጠለቀው፤
ጣቶቹን አነቃነቃቸው፤ መረቀኝ፤ ረጅም ምርቃት።
ከዚያ ዝም አለ።
“የግራውስ?” አለኝ።

የቀለደ መሰለኝ። ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት።

“ይኼኛውስ ጫማ አለው፤ ብርድ ልብስ አለው፤ ግድ የለም።
ሌሊት ሌሊት የሚቆረጥመኝ ያ የሌለው ነው።
አውራ ጣቱን ይበላኛል፤ እጄን ስሰድ አንሶላ።
ለሰው አልነገርኩም፤ አበደ ይሉኛል ብዬ።
አንቺ ግን ክር ተርፎሽ እንደሆነ...”

ክር ተርፎኛል።

ዛሬ ሰኞ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
ከመስኮቴ እስከ ትልቁ መንገድ መኪና ተደርድሯል።
አርባ ስምንት ቀለበት፣ እንደ ቀኙ፣ አንድም ሳላጎድል፣
ቁርጭምጭሚቱን አልፌ ወርጃለሁ።
የምለካበት እግር የለኝም፤
እያስታወስኩ ነው የምሠራው፤
ክሩም ያስታውሳል።

ጥሩምባ ይነፋሉ። አንዱ መስታወት አውርዶ
“እኅት፣ ስንት ደረሰ?” አለኝ፣ ተናዶ።
“ቆይ” አልኩት፣ ቀና ሳልል፤
“ተረከዝ ላይ ነኝ።”